ሎሪ ቤከርንም ጻፉልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ከአገራቸው ወጥተው በሰው አገር ስለሠሩ አርክቴክቶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። ስለ ሕንፃ የሚጻፍ ነገር ብዙም ስለማናገኝ ደስ ብሎኛል። ግን ያነሳችኋቸው ሰዎች በሙሉ የሚታወቁት በፎቅና በመስታወት ነው። አንድ እንግሊዛዊ ቀርቶባችኋል፤ ሎሪ ቤከር።

ስሙን መጀመሪያ የሰማሁት ከሂሳብ አስተማሪያችን ነው። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው የሕንድ መምህራንን ያስታውሳል። ብዙዎቹ ኬረላ ከሚባለው የደቡብ ሕንድ ግዛት የመጡ ነበሩ። የእኛው መምህር ለእረፍት አገራቸው ሄደው ሲመለሱ፣ አንድ ፈረንጅ ለድሃውም ለምሁሩም በማይለሰን ጡብ ቤት እየሠራ ነው ብለው አጫወቱን። ያቺ ወሬ ከውስጤ አልወጣችም። ዛሬ እንጀራዬ ግንባታ ነው።

ቤከር በ1917 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው) በርሚንግሃም ተወለደ። እዚያው አርክቴክቸር ተማረ። ጦርነትን የሚቃወመው የኩዌከር ክርስትና እምነት ተከታይ ስለነበር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጠመንጃ አላነሳም፤ ከሕክምና ጓድ ጋር ቻይና ሄዶ ቁስለኛ ሲረዳ ቆየ። ወደ አገሩ ሲመለስ ቦምቤይ ላይ መርከብ መጠበቅ ነበረበት። በዚያ መሀል ከጋንዲ ጋር ተገናኘ። ጋንዲ ዓይናቸው ያረፈው እግሩ ላይ ነው ይባላል፤ ከቁራጭ ጨርቅ ራሱ የሰፋውን ጫማ አድርጎ ነበር። ጥሩ ቤት ከአምስት ማይል፣ ማለትም ከስምንት ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ በሚገኝ ነገር የሚሠራ ነው የሚለውን ሐሳብ ያገኘው ከእሳቸው ነው።

በ1945 ተመልሶ ሕንድ ገባ። ሥራው የሥጋ ደዌ ሕሙማን ይታጎሩባቸው የነበሩ ቦታዎችን ወደ ሕክምና መስጫ መለወጥ ነበር። በርሚንግሃም የተማረው ግን ስለ ጭቃና ስለ እበት አንድም ነገር አላስተማረውም። ሐኪም የሆነችውን ኤልሳቤጥን አግብቶ ሂማላያ ተራራ ላይ፣ ፒቶራጋር በሚባል ቦታ 16 ዓመት ኖረ። ያገሬው ግንበኛ ድንጋዩን እንዴት እንደሚያነባብር፣ ጣሪያውን ለምን እንደዚያ እንደሚያዘቀዝቅ እያየ እንደገና ተማረ። እኔ ከሁሉ በላይ የማከብርለት ይህንን ነው። ዲግሪ ይዞ ሄዶ ከገበሬ ሥር ተማሪ ሆኖ መቀመጥ ቀላል አይደለም።

በ1963 ወደ ኬረላ ወረደ፤ ኋላም በግዛቲቱ ዋና ከተማ በትሪቫንድረም ኖረ። ትልልቆቹን ሥራዎች የሠራው እዚያ ነው። ጡቡን በጎኑ አቁሞ ይደረድርና መሀሉን ባዶ ይተወዋል። እንዲህ የተሠራ ግድግዳ አንድ አራተኛ ያህል ጡብ ይቆጥባል፤ መሀሉ ያለው አየርም ሙቀት ይከለክላል። የሶሌታው (ከአርማታ የሚሠራው ጣሪያ) የታችኛው ክፍል አርማታ ብዙም ሸክም ስለማይሸከም፣ እዚያ ውስጥ የጣሪያ ሸክላ ይከትበታል። ሲሚንቶውም ፌሮውም ይቀንሳል። በመስኮት ፋንታ ጡቡን እንደ ወንፊት ቀዳዳ እያደረገ ይገነባል፤ ብርሃንና ነፋስ ይገባል፣ ዋጋውም ከእንጨት መስኮት በጣም ያነሰ ነው። ልስን የሚባል ነገር አይወድም ነበር።

ንድፍ አስረክቦ ቢሮ የሚቀመጥ ሰውም አልነበረም። ሳይት ላይ ከግንበኞቹ ጋር ይውላል። ዛፍ ካለ ዛፉን አያስቆርጥም፤ ግድግዳውን ያጎብጠዋል። በ1971 የተጀመረውን የልማት ጥናት ማዕከል የሠራው የኮረብታውን ቅርጽ ሳያበላሽ ነው።

ትሪቫንድረም ባቡር ጣቢያ አጠገብ የሠራው ቡና ቤት ደግሞ ልዩ ነው። ቀይ፣ ክብ፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት እየዞረ የሚወጣ ሕንፃ። ደረጃ የለውም፤ ወለሉ ራሱ እየተጠማዘዘ ያወጣሃል። ጠረጴዛውና መቀመጫው ከግድግዳው ጋር አብሮ የተገነባ ነው። ተራው ሰው ገብቶ ቡናውን ይጠጣበታል።

ሕንድ በ1990 ፓድማ ሽሪ የተባለውን የመንግሥት የክብር ሽልማት ሸለመችው። ከዚያ በፊትም ዜግነቷን ሰጥታው ነበር። በ2007፣ በ90 ዓመቱ፣ እዚያው ትሪቫንድረም አረፈ።

የሱን ሥራ እንዳለ እዚህ እናምጣው አልልም። እኔ በምሠራበት አካባቢ የሚገኘው ብሎኬት እንጂ ጡብ አይደለም። ጡቡን በጎኑ የሚያቆም ግንበኛም ገና መሠልጠን አለበት። ደንበኞቼም «ያልተለሰነ ቤት ያላለቀ ቤት ነው» ይሉኛል፤ ብዙ ጊዜ ተከራክሬ ተሸንፌያለሁ። ግን አንድ ሰው በሲሚንቶ ዋጋ ተማሮ ቤቱን ግማሽ ላይ ሲያቆመው ባየሁ ቁጥር፣ ቤከር ቢሆን መጀመሪያ በስምንት ኪሎ ሜትር ውስጥ ምን አለ ብሎ ይጠይቅ ነበር እላለሁ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ ለእሱም አንድ ገጽ ስጡት። ፎቶ ካወጣችሁ የቡና ቤቱን ከውስጥ በኩል አድርጉት፤ ብርሃኑ በጡቡ ቀዳዳ ሲገባ የሚታየው ከዚያ ነው።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የግንባታ ባለሙያ
ከአዲስ አበባ