ቀለሁ ስሙን አልቀየረም

ይድረስ ለክቡር ዋና አዘጋጅ፦

ባለፈው እትም በዒላማ ተኩስ ዓምዳችሁ፣ ከፋብሪካ ቀለህ አነስተኛ ካሊበር (የአረሩ ውፍረት ልክ) ያለው «ዋይልድካት» ጥይት እንዴት እንደሚበጅ የቀረበውን ሐተታ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ብዙ ሰው የማያነሳውን ጉዳይ ማንሳቱ ያስመሰግነዋል፤ ነገር ግን ሥራውን ሁሉ ቀለሁን ጠበብ ባለ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ጨምቆ እንደ ማሳለፍ ብቻ አድርጎ ማቅረቡን፣ ዕድሜዬን ከቶርኖና ከማይክሮሜትር ጋር ያሳለፍኩ ሰው በመሆኔ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። ናስ ሲጨምቁት ጠፍቶ የሚሄድ ነገር የለውም።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልመስክርለት። ዋይልድካት የሚባለው፣ ልኩንና የግፊት ወሰኑን እንደ አሜሪካው ሳሚ ወይም እንደ አውሮፓው ሲ.አይ.ፒ. ያሉ አካላት ያልደነገጉለት ጥይት ሁሉ ነው እንጂ የእብድ ሥራ ማለት አይደለም። 22-250 የሚባለው ጥይት እ.ኤ.አ. በ1915 ከወጣው ከ250 ሳቬጅ ቀለህ አንገቱ ጠብቦ የተወለደ ሲሆን፣ ለአሥርት ዓመታት በየግለሰቡ እጅ ሲንከባለል ቆይቶ ሬሚንግተን የፋብሪካ ምርት ያደረገው በ1965 ነው። በ2007 የወጣው 17 ሬሚንግተን ፋየርቦልም ቢሆን፣ 17 ማክ 4 ለሚባለው የቆየ ዋይልድካት መንትያ ሊባል ምንም ያህል አይቀረውም፤ የሁለቱም ወላጅ 221 ፋየርቦል ነው። ፓልሚሳኖና ፒንዴል የተባሉ አሜሪካውያን በ1975 ያበጁት፣ በዒላማ ተኳሾች ዘንድ በትክክለኛነቱ የተመሰከረለት 6 ፒፒሲ ደግሞ የዘር ሐረጉ ሲቆጠር፣ በ220 ራሽያን በኩል አድርጎ ዓለም በክላሽ ከሚያውቀው ከ7.62 በ39 ቀለህ ላይ ይደርሳል።

አሁን ወደ ጭመቃው ልመለስ። ለአብነት የ223 ሬሚንግተንን ቀለህ እንውሰድ። አንገቱ የሚይዘው አረር 5.69 ሚሊሜትር ውፍረት አለው፤ የአንገቱ ግድግዳ 0.30 ሚሊሜትር ነው እንበል። ይህ አንገት 4.37 ሚሊሜትር የሆነውን የ17 ካሊበር አረር እንዲይዝ ሲጠብ፣ የቀለበቱ ዙሪያ ያንሳል፣ ናሱ ግን ያው ነው፤ ስለዚህ ከፊሉ ወደ ርዝመት ሲሄድ የቀረው ግድግዳውን ያወፍረዋል። ርዝመቱ ምንም አልጨመረም ብለን ብናሰላ ግድግዳው ወደ 0.38 ሚሊሜትር ግድም ይደርሳል። ልዩነቱ 0.08 ሚሊሜትር፣ ማለትም የአንድ ፀጉር ውፍረት ያህል ነው። አንባቢ ለፀጉር ይህን ያህል ወረቀት ማባከን ምን ያደርጋል ይል ይሆናል። ግን በሁለቱም ጎን ሲታሰብ 0.16 ይሆናል፤ ጠመንጃው ጥይት በሚጎርስበት ክፍል ውስጥ ደግሞ ለአንገቱ የሚተወው ክፍተት ብዙ ጊዜ ከዚህ ያነሰ ነው። ባሩዱ ሲቀጣጠል አንገቱ ትንሽ ሰፋ ብሎ አረሩን መልቀቅ አለበት። የሚሰፋበት ቦታ ካጣ አረሩ ተነክሶ ይቆይና ግፊቱ ከታሰበው በላይ ይወጣል። የወፈረው አንገት ከውጭ ካልተላገ ወይም ከውስጥ ካልተቦረቦረ ሥራው አላለቀም የምለውም ለዚሁ ነው። ጥይቱ በግድ ተገፍቶ ጎረሰ ማለት ልኩ ሆነ ማለት አይደለም፤ ሐተታው ይህን የነካው በግማሽ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ እሳት ነው። የቀለህ ናስ ሰባ በመቶው መዳብ፣ ሠላሳ በመቶው ዚንክ ሲሆን፣ በቀዝቃዛው በተቀጠቀጠና በተጨመቀ ቁጥር እየጠነከረና እየተሰባበረ ይሄዳል። በአንድ ጊዜ ብዙ ከማጥበብ ይልቅ ደረጃ በደረጃ መሄድ፣ በመሃልም አንገቱንና ትከሻውን እሳት አሳይቶ ማለስለስ የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው። ግርጌው ግን እሳት እንዲነካው ፈጽሞ አይፈቀድም፤ የፍንዳታውን ጫና ተሸክሞ የሚቆመው እርሱ ስለሆነ ከለሰለሰ አደጋው ተኳሹ ፊት ላይ ነው። ብረት ለሚሠራ ሰው እንግዳ የሚሆንበት ሌላም ነገር አለ፤ የካርቦን ብረት ቀልቶ ውኃ ውስጥ ሲገባ ይጠነክራል፣ ናስ ግን ቀልቶ ውኃ ቢገባም ልስላሴውን እንደያዘ ይቀራል። ውኃው የሚጠቅመው ሙቀቱ ወደ ግርጌው እንዳይወርድ ለመግታት ብቻ ነው። በወታደራዊ ቀለህ አንገት ላይ የሚታየው ሰማያዊና ቡናማ ጥላም ዝገት ሳይሆን የዚሁ እሳት አሻራ ነው። የንግድ ፋብሪካዎች ለዓይን እንዲያምር ይወለውሉታል እንጂ እነርሱም ቀለሁን እሳት ያሳዩታል።

ያልለሰለሰ ናስ የሚይዘው ቂም ወዲያው አይታይም። በእንግሊዝ ዘመን ህንድ ውስጥ በዝናቡ ወራት በፈረስ ጋጥ ተቀምጠው የነበሩ ጥይቶች፣ ማንም ሳይነካቸው ቀለሃቸው እየተሰነጠቀ ሲገኝ ብዙዎችን ግራ አጋብቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1921 የታተመ ጥናት ምክንያቱን አስረዳ፦ ከጋጡ የሚወጣው አሞኒያ በናሱ ውስጥ ከጭመቃው ጀምሮ ታምቆ የቆየውን ውጥረት አግኝቶ ይሰነጥቀው ነበር። ዛሬም አሞኒያ ባለበት ማጽጃ ቀለህ የሚወለውል ሰው ካለ ይህንን ያስታውስ።

ጸሐፊው ጭራሽ ያላነሳው ግን ሦስተኛው ነው፤ ለእኔ ከሁሉ የሚከብደውም እርሱ ነው። ቀለሁ ቅርጹን ይቀይራል፣ ግርጌው ላይ በፋብሪካ የታተመበት ስም ግን አይቀየርም። ኪልቦርን የተባለ ጠመንጃ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1940 ያወጣው ኬ-ሆርኔት፣ ተራው 22 ሆርኔት የሚባለው የፋብሪካ ጥይት፣ የመጉረሻ ክፍሉ ሰፋ ተደርጎ በተሠራ ጠመንጃ ውስጥ ተተኩሶ፣ የራሱ ፍንዳታ ነፍቶት የሚገኝ ቅርጽ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ተራው ሆርኔት ጠመንጃ አይገባም፣ ግርጌው ግን አሁንም ሆርኔት ነኝ ይላል። ከዚህ የባሰው ምሳሌ ከትንሽ ካሊበር ወጣ ያለው 300 ብላክአውት ነው። ከ223 ቀለህ ተቆርጦ ይሠራል፣ የሚይዘው 7.8 ሚሊሜትር አረር ነው፣ ይሁንና አንዳንዱ በ223 ጠመንጃ ውስጥ ይጎርሳል። የተቆረጠው ቀለህ 223 የሚል ጽሑፉን እንደያዘ ከሆነ የተሳሳተውን ሰው ምን ያስጠነቅቀዋል? በዚህ ስህተት የተሰነጠቁ ጠመንጃዎች ጥቂት አይደሉም።

እኔ ራሴ አንድ ወዳጄ በውርስ ያገኘውን ሣጥን ሲያሳየኝ፣ ምንም ያልተጻፈበት ቆርቆሮ ውስጥ ሠላሳ ያህል ቀለሆች አገኘሁ። ግርጌያቸው ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር፤ 223 ይላል። ለዓይን አንድ የሚመስሉትን አንገቶች በማይክሮሜትር ስለካቸው ግን አሥራ አንዱ የ20 ካሊበር ሆነው ተገኙ። ከአሥራ አንዱ የሁለቱ አፍ ላይ ጥፍር ሲያልፍበት ብቻ የሚሰማ የፀጉር ስንጥቅ ነበረባቸው። ያበጃቸው ሰው ምን እንደሆኑ በሚገባ ያውቅ ነበር፤ እውቀቱን ግን ይዞት ሄዷል። ሁሉንም በፒንሳ ጨፍልቀን ለናስ ቀላጭ ሰጠናቸው።

ስለዚህ ሐተታው ተከታይ ክፍል የሚኖረው ከሆነ፣ የተበጀ ቀለህ ከወላጁ ጋር በአንድ ዕቃ እንዳይቀመጥ፣ በየዕቃውም ላይ የካሊበሩ ስም፣ የተላገው አንገት ውፍረትና ለየትኛው ጠመንጃ እንደተሠራ በጉልህ እንዲጻፍ የሚያሳስብ አንቀጽ እንዲጨመርበት በአክብሮት እጠይቃለሁ። ጥይቱን ነገ የሚያነሳው እጅ የሠሪው ላይሆን ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቶርኖ ባለሙያ