የቅዳሜው የጢስ ዓባይ ጉዞ

ሰላም ልጆች፣

ቅዳሜ ጢስ ዓባይ ነን። ኮንትራት መኪና ኪሳችንን ስለሚጎዳ ከባሕር ዳር መናኸሪያ እንደማንኛውም ሰው ተሳፍረን እንሄዳለን፤ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት እንገናኝ። ምሳ ከየቤታችን፦ ድርቆሽ፣ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ውሃ። ብር ያልሞላለት ዝም ብሎ እንዳይቀር፤ በውስጥ መስመር ይንገረኝ፣ ተጋግዘን እንሸፍናለን።

መስከረም መሆኑ ደስ ብሎኛል። በበጋ አብዛኛው ውሃ ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚዞር ፏፏቴው ይሳሳል፤ አሁን ግን 40 ሜትር ያህል ቁልቁል ሲወረወር ጢሱ ማዶ የቆመውን ሰው ያረጥባል። ስልካችሁን በፌስታል ጠቅልሉ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ተሻግረን በእግር ነው የምንደርሰው፤ ጭቃው ክፉኛ ያንሸራትታል፣ ነጠላ ጫማ ይቅር።

መኪና እንዳያመልጠን 9 ሰዓት ላይ እንመለሳለን። እስከ ሐሙስ ማታ ስማችሁን አሳውቁኝ።