ስላይፈርንም አንርሳው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ጋላክሲዎች መራራቅ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ምስጋናው ሁሉ ለሥነ ፈለክ ተመራማሪው ለኤድዊን ሀብል መሰጠቱ ግን ቅር አሰኝቶኛል። ሌላው ተመራማሪ ቬስቶ ስላይፈር የት ሄደ?

ሰውየው አሪዞና ውስጥ ባለው የሎዌል የሥነ ፈለክ ጣቢያ፣ 61 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቴሌስኮፕ ነበር የሚሠራው። አንድሮሜዳ ከተባለችው ጋላክሲ የሚመጣውን ደካማ ብርሃን በፕሪዝም በትኖ በፎቶ መስታወት ላይ ያሳርፋል። ለአንድ ፎቶ ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ አንዳንዴም ከአንድ ሌሊት በላይ። እ.ኤ.አ. በ1912 መስታወቱን በማጉያ ሲመረምር፣ እንደ ካልሲየም ያሉ ንጥረ ነገሮች የሚተዉት ጥቁር መስመሮች ከቦታቸው ሸርተት ብለዋል፤ ወደ አጭሩ ሞገድ በኩል። ሽርተቱ ከሺህ አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። ይህ በብርሃን ፍጥነት ሲባዛ በሴኮንድ 300 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ወደ አጭሩ ሞገድ መሸርተት መቅረብን ያሳያልና፣ አንድሮሜዳ ወደ እኛ እየመጣች ነው ማለት ነው!

በ1917 የ25 ጋላክሲዎችን ፍጥነት አሳተመ። የ21ዱ መስመሮች ወደ ቀይ፣ ማለትም ወደ ረጅሙ ሞገድ የሸሹ ነበሩ፤ እየራቁን ነው። ሀብል በ1929 ርቀታቸውን ለክቶ ከፍጥነታቸው ጋር አገናኘ፤ ትልቅ ሥራ ነው፣ አልካድኩም። የፍጥነቱ ቁጥር ግን በአብዛኛው የስላይፈር ልፋት ነበር።

በሚቀጥለው እትም ሁለት መስመር ብትጨምሩለት ምን ይላችኋል?

የዘወትር አንባቢያችሁ