የእህቴን ልጅ ሁለት ጊዜ ቆጥራችሁታል

ለከተማችን የሴቶች፣ ሕጻናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

ስምዎን ያልጻፍኩት ለክብርዎ ተጨንቄ አይደለም። ጉዳዩን ስጀምር ኃላፊው ሌላ ሰው ነበሩ፤ መሃል ላይ ተወካይ ነበር፤ አሁን እርስዎ ነዎት። ይህ ደብዳቤ እስኪደርስ ማን እንደሚቀመጥ ስለማላውቅ ለወንበሩ ጽፌዋለሁ።

እኔ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። አንድ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ ብመዘግብ ኦዲተር ፊት ቆሜ እጠየቃለሁ። እናንተ አንድ ልጅ ሁለት ጊዜ መዝግባችሁ ተጨብጭቦላችኋል።

ታናሽ እህቴ ዐረብ አገር ሄዳ ድምፅዋ ጠፋ። ልጇ ከእናቴ ጋር ቀረ፤ በዘጠኝ ዓመቱ ጎዳና ወጣ። (አንቺስ የት ነበርሽ? ማለት ይችላሉ። ከሦስት ልጆቼ ጋር አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነበርኩ። ጥያቄውን ግን እኔም ለራሴ ማታ ማታ እጠይቃለሁና አዲስ አይሆንብኝም።) ከጎዳና ተሰብስቦ ማቆያ ገባ፤ ከማቆያው ማሳደጊያ ተዛወረ። ኅዳር 2015 ዓ.ም. ወደ እናቴ ቤት ተመለሰ።

የዚያን ዕለት ሁለት ሠራተኞችና አንድ ፎቶ አንሺ መጡ። 25 ኪሎ ዱቄት፣ 5 ሊትር ዘይት፣ 6,000 ብር የማቋቋሚያ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ልጁን አቅፋ ቆመች። ፎቶ አንሺው «እማማ፣ ዘይቱን ትንሽ ከፍ ያድርጉት» አላት። ከፍ አደረገችው። ፈረመች። ፋይሉ ተዘጋ።

ስድስቱ ሺሕ ብር የሁለት ወር ውዝፍ የቤት ኪራይና የሱቅ ዱቤ ከፈለ፤ በተረፈው እናቴ ከሰል ገዝታ በሳህን መቸርቸር ጀመረች። ልጁ ትምህርት ቤት ሊገባ ሲሄድ መልቀቂያና የልደት ምስክር ወረቀት ተባለ። ሁለቱም ማሳደጊያው ፋይል ውስጥ ቀርተዋል። ፋይሉ ደግሞ ተዘግቷል። ከኅዳር እስከ ግንቦት ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የሰፈሩ ልጆች በዩኒፎርም ሲያልፉ አየ። ግንቦት ላይ አንድ ቀን ወጣ፤ አልገባም።

በእነዚያ ስድስት ወራት ከቢሮዎ ወደዚያ ቤት የመጣ ሰው የለም። አንዲት ማኅበራዊ ሠራተኛ ሁለት ጊዜ ደውላለች፤ በራሷ ስልክ፣ በራሷ ካርድ። እሷን እንዳትነኩብኝ። የያዘችው ፋይል ለአንድ ሰው የሚሆን አይደለም፤ ለቤት ለቤት ጉብኝት የሚሰጣት የትራንስፖርት ገንዘብም የለም። «እመጣለሁ» ስትል ከልቧ ነበር፤ በምን ትምጣ?

ሐምሌ 2015 የዓመቱ ዕቅድ ክንውን ሲቀርብ «የተጠቃሚ ቤተሰብ» ተብዬ ተጠራሁ። ውኃና ቆሎ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ፖወር ፖይንቱ ላይ «ከቤተሰብ ጋር የተቀላቀሉ ሕጻናት» የሚል ርዕስ መጣ፤ ከሥሩ ቁጥር፣ ከጎኑ በመቶኛ፣ ከበስተጀርባው የእናቴ ፎቶ፤ ዘይቱን ከፍ አድርጋ። ልጁ ከቤት ከወጣ ሁለት ወሩ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ጭብጨባው እኔንም አቅፎ አለፈ።

ከዚያ በኋላ እኔና የሰፈሩ ሰው ፈለግነው። እንደገና ተይዞ እንደገና ማቆያ ገብቶ አገኘነው። ጥር 2016 ዓ.ም. እንደገና «ተቀላቀለ»። ያው ቤት፣ ያቺው አያት፣ ሌላ ዘይት። ሐምሌ 2016 ላይ አዲሱ ፎቶ አዲሱ ሪፖርት ላይ ወጣ። አንድ ልጅ፣ ሁለት የበጀት ዓመት፣ ሁለት ስኬት። ሦስተኛ ጊዜ ቢጠፋ ከዕቅድ በላይ ታሳኩ ነበር።

በእኛ ሙያ የዞረ ሒሳብ የሚባል ነገር አለ። ያለፈው ወር መዝጊያ የዚህ ወር መክፈቻ ነው፤ መሃል ላይ የጠፋ ካለ እዚያ ይታያል። የእናንተ ሪፖርት የዞረ ሒሳብ የለውም። በየዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ከዜሮ ይጀምራል፤ አምና ቤት የገባው ልጅ ዘንድሮ እዚያው ይኑር አይኑር የሚጠይቅ አንድ መስመር የለውም። ስለዚህ ማንም ውሸት መጻፍ እንኳ አላስፈለገውም። ቅጹ ራሱ ይዋሽላችኋል።

ስብሰባው ላይ እጄን አውጥቼ «ከእነዚህ ልጆች ዛሬ ቤታቸው ያሉት ስንት ናቸው?» አልኩ። መድረኩ «በሻይ ዕረፍት እንነጋገራለን» አለ። ሻዩን ጠጣሁ።

መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ጥያቄዬን በጽሑፍ አስገባሁ። መዝገብ ቤቱ «ገቢ» ብሎ ማህተም መትቶልኛል፤ ቅጂው እጄ ላይ ነው። የጠየቅሁት አራት ቁጥር ነው፦ በበጀት ዓመቱ ስንት ልጆች ወደ ቤተሰብ ተመለሱ፤ ከእነሱ ስንቶቹ በሦስተኛው፣ በስድስተኛውና በአሥራ ሁለተኛው ወር ቤታቸው ተጎበኙ፤ ስንቶቹ ትምህርት ቤት ገቡ፤ ስንቶቹ ወደ ጎዳና ወይም ወደ ማቆያ ተመለሱ። ስም አልጠየቅሁም። ሰፈር አልጠየቅሁም።

የመረጃ ነጻነትን የያዘው አዋጅ ቁጥር 590/2000 መልስ የሚሰጥበትን ጊዜ 30 ቀን ያደርገዋል። ይህን ለእርስዎ ማስረዳት አይገባኝም፤ ኮሪደራችሁ ላይ የተለጠፈው የዜጎች ቻርተር ስለ ግልጽነት ከእኔ በላይ ይናገራል። በ31ኛው ቀን ስመጣ አንድ ወጣት «እህቴ፣ ከየት መሥሪያ ቤት ተልከሽ ነው?» አለኝ። ከቤቴ አልኩት። «እንግዲያው ከሚመለከተው አካል ደብዳቤ አምጪ።» የሚመለከተው አካል እናንተ ናችሁ፤ ከእናንተ ለእናንተ ደብዳቤ ላምጣ? በሁለተኛው ወር ደብዳቤዬ «ለአስተያየት ተመርቶ» ነበር። በአራተኛው ወር ጠፋ። ቅጂውን ሰጠኋቸው። በስድስተኛው ወር መልስ መጣ፤ በቃል፣ ቆሜ፦ «መረጃው የሕጻናትን ደኅንነት ስለሚመለከት ምስጢራዊ ነው።»

ይህን እንደሰማሁ ስልኬን አውጥቼ የቢሮውን የፌስቡክ ገጽ ከፈትኩ። የእህቴ ልጅ እዚያ አለ። ፊቱ ሳይሸፈን፣ አያቱ አጠገብ፣ «ከጎዳና ተነስቶ» ከሚል ጽሑፍ ጋር። ክፍል ውስጥ ያሉ ልጆች አይተውት ስም አውጥተውለታል፤ ስሙን እዚህ አልደግመውም። እንግዲህ የልጁ ፊት ለሕዝብ ነው፣ ልጁ ያለበት ረድፍ ድምር ግን ምስጢር ነው። ይህን የወሰነው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኛል፤ ለቁጣ ሳይሆን ለማየት ያህል።

ሌላው የሚያንገበግበኝ የጉዲፈቻው ነገር ነው። ልጆቻችን በገፍ ወደ ውጭ በሚሄዱበት ዘመን፣ ለምሳሌ በፈረንጆቹ 2010 ወደ አሜሪካ ብቻ ከ2,500 በላይ ሄደዋል። ይህን ቁጥር ከየት አወቅሁት? ተቀባዩ አገር በየዓመቱ ስለሚያትመው ነው። የእኛ መንግሥት ደግሞ ከአሳዳጊዎቹ ሪፖርት ይጠይቅ ነበር፤ በሦስት ወር፣ በስድስት ወር፣ በዓመት፣ ከዚያም ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው በየዓመቱ። አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ያለ ቤተሰብ የልጁን ቁመትና ትምህርት ጽፎ እንዲልክ ይገደድ ነበር። ሁሉም ልኳል አልልም። ግዴታው ግን ነበር፤ ልጅን አስረክቦ ዞር ማለት ነውር መሆኑን የምናውቅ ሰዎች ነበርን።

በ2010 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1070 ወጥቶ ልጅን ለውጭ ዜጋ በጉዲፈቻ መስጠት ቀረ። ልጆች በአገራቸው፣ በወገናቸው መሃል ይደጉ ተባለ፤ እኔም ደግ አደረጉ ብያለሁ፣ ዛሬም እላለሁ። ግን ለሚኒሶታዋ እናት የተጠየቀው ክትትል ለእናቴ ለምን አልተጠየቀላትም? ከቢሮዎ እስከ ቤቷ አንድ ታክሲ ነው። ያውም የአማራጭ ሕጻናት ክብካቤ መመሪያው ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ መደርደሪያችሁ ላይ አለ፤ ልጅን ማሳደጊያ ማስገባት የመጨረሻ አማራጭ እንደሆነ፣ ወደ ቤተሰብ ሲመለስም ክትትሉ የሥራው ክፍል እንደሆነ ይናገራል። የተባበሩት መንግሥታት የአማራጭ ክብካቤ መመሪያም ልጅ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ቀስ በቀስ፣ በክትትልና በድጋፍ ነው ይላል። በዘይት ነው የሚል አንቀጽ አላገኘሁም።

«ከሌላ ቦታ ፈልጊ» ያለኝም ነበር። ፈለግሁ። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በ1999 ዓ.ም. የተጀመረው ነው፤ የእህቴ ልጅ ያኔ አልተወለደም፤ ቀጣዩ ቆጠራ በተደጋጋሚ ተላልፏል። የ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ልጆች ከወላጅ ጋር መኖር አለመኖራቸውን ይጠይቃል፤ ግን ቤት አንኳኩቶ ነው የሚጠይቀው። ማሳደጊያ ውስጥ የተኛ ልጅ፣ ድልድይ ሥር የተኛ ልጅ የሚያንኳኩት በር የለውም። ያው ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕጻናት ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ብቻ መሆኑን ያሳያል። እንግዲህ እነዚህን ልጆች በስም፣ በቀን፣ በፊርማ የያዘ ወረቀት ያለው የማሳደጊያችሁና የቢሯችሁ ሳጥን ውስጥ ነው። እናንተ ካልተናገራችሁ የሚናገር የለም፤ ይህንንም የምታውቁት ይመስለኛል።

ሕገ መንግሥቱን መጥቀስ አልፈልግም፤ አንቀጽ 12 ስለ ግልጽ አሠራር፣ አንቀጽ 36 አሳዳጊ ስላጡ ልጆች የሚሉትን ያውቁታል። እኔ የምፈልገው አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ነው። የጠየቅኋቸው አራት ቁጥሮች፣ በየበጀት ዓመቱ፣ ከምስጋናው ባነር አጠገብ ይለጠፉ። ቁጥሩ ቢያሳፍርም ይለጠፍ። ባዶ የሆነው ሣጥን ባዶ መሆኑ ይታይ፤ ያቺ ማኅበራዊ ሠራተኛም በጀት ስትጠይቅ የምታሳየው ነገር ይኖራታል። ከደመወዛችን ውጭ የሆነ ሥራ ነው ካላችሁ ቅዳሜ ቅዳሜ መጥቼ በነጻ እሠራላችኋለሁ። ቀልድ አይደለም።

ልጁ አሁን 13 ዓመቱ ነው። ቤት አለ። የልደት ምስክር ወረቀቱን ያወጣነው የእድሩ ጸሐፊ አብሮኝ ከወረዳ ወረዳ እየዞረ ነው፤ ሦስተኛ ክፍል ከሱ በሚያንሱ ልጆች መሃል ተቀምጧል፤ ከትምህርት በኋላ ጎረቤት ካለ ብየዳ ቤት ይውላል፤ ባለቤቱ ምሳውን ያበላዋል። ይህን ሁሉ የነገርኳችሁ እንድትመዘግቡት አይደለም። ለሦስተኛ ጊዜ እንዳትቆጥሩት ነው።

እናቴ ይህን ሳነብላት ስለ ቁጥሩ ምንም አላለችም። አንድ ጥያቄ ግን አላት። እሷና የልጅ ልጇ አብረው የተነሱት ፎቶ ያ የእናንተ ብቻ ነው፤ እሷ እጅ ላይ የለም። ከገጻችሁ አውርዱትና አትማችሁ ስጧት። ከተቻለ ዘይቱ ይቆረጥ።

የልጁ አክስት

ግልባጭ፦
ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም
ለመዝገብ ቤቱ (ይኸኛውም እንዳይጠፋ)