ከአያትሽ ሰፌድ ላይ የበራው መብራት

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ጎንደርም ዝናቡ አባርቶላታል።

ትናንት በስልክ ያልሽኝ ነገር ሲከነክነኝ አደረ። «እማ፣ የመብራቱን ነገር ትቼዋለሁ፤ አንድ መምህር የልጅ ጨዋታ ነው አለኝ» አልሽኝ። ወዲያው የምመልስልሽ ቃል አጣሁ። ለዚህ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፍልሽ።

ክረምት ላይ የሠራሽውን እስኪ አስታውሺው። የአያትሽን አሮጌ ሰፌድ ከግድግዳ አወረድሽ። ከመሐሉ ጀምረሽ እየዞርሽ ትንንሾቹን መብራቶች ሰካሽበት። ከዚያ ያቺን ሁለት ዓይን ያላትን ሴንሰር አሰርሽበት። የሰው ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ትልካለች። ድምፁ እጅ ላይ ነጥሮ እስኪመለስ ጊዜውን ትለካለች። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚሄድ፣ ርቀቱ ከጊዜው ይታወቃል። የጎረቤት ልጆች እጃቸውን ሲያቀርቡ መብራቱ ወደ መሐል ይሰበሰባል፤ ሲያርቁ እስከ ጠርዙ ይዘረጋል። ግቢው በሳቅ ተሞላ። ትንሹ ልጅ «ድምፁ ለኛ ለምን አይሰማንም?» ብሎ ሲጠይቅሽ በር ላይ ቆሜ ሰማሁት። ስንት ዓመት ሂሳብ አስተምሬያለሁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከልጅ አፍ በራሱ ሲወጣ መስማት ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ አውቃለሁ።

አያትሽ ፊደል አልቆጠረችም። ስታሰፋኝ ግን «በየዙሩ ካልጨመርሽለት ይጎብጥብሻል» ትለኝ ነበር። ልክ ናት። ሰፌድ ዝርግ የሚሆነው እያንዳንዱ ዙር ካለፈው ዙር ሲረዝም ነው። ጭማሪው የአንዱን ዙር ውፍረት ስድስት እጥፍ አልፎ ትንሽ ነው፤ ሁለት ጊዜ ፓይ ማለት ነው። ሰፌዱ ትንሽ ሆነ ትልቅ፣ ጭማሪው ያው ነው። ካነሰ ጠርዙ ይነሳና እንቅብ ይሆናል። አንቺም በየዙሩ ስንት መብራት እንደሚጨመር ስትቆጥሪ ያመሸሽው ይህንኑ ነው። እሷ በጣቷ፣ አንቺ በኮድ።

ስለ ቬራ ሞልናር የነገርሽኝም ከአእምሮዬ አልወጣም። ቡዳፔስት ተወልዳ ፓሪስ የኖረች ሠዓሊ። ኮምፒውተር ሳታገኝ በፊት ለራሷ ሕግ ታወጣና፣ ሕጉን እየተከተለች በእጇ ትሥል ነበር። በፈረንጆቹ 1968 ኮምፒውተር ላይ መሥራት ጀመረች። ካሬዎችን በሥርዓት ትደረድራለች፤ ከዚያ ጥቂት ታዛባቸዋለች። ሥዕሉ ነፍስ የሚዘራው እዚያ ላይ ነው። እኔ የእዚህ የጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ታወሰኝ። መላእክቱ በረድፍ በረድፍ ተደርድረዋል። ቀና ብለሽ ስታስተውያቸው ግን የአንዱ ፊት እንደ ሌላው አይደለም። ሞልናር በ2023፣ 99 ዓመቷ ላይ እስክታርፍ ድረስ ይህንን ጨዋታ አልተወችም።

ያ መብራቶቹን የሚያዘው፣ አርዱይኖ የምትይው ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳም በፈረንጆቹ 2005 ላይ ጣሊያን፣ ኢቭሬአ ከተማ ሲሠራ፣ ኤሌክትሮኒክስ ላልተማሩ የዲዛይን ተማሪዎች እንዲቀላቸው ተብሎ ነው። ገና ከጅምሩ እየነካኩ እንዲሞክሩበት የተሠራ ዕቃ ነው።

ስለዚህ ልጄ፣ አትተዪው። እለምንሻለሁ።

ነገ በሚነሳው አውቶቡስ አዲስ ሰፌድ እልክልሻለሁ። ራሴ ነኝ የሰፋሁት፤ አለላው ቀይና አረንጓዴ ነው። አሥራ ሁለት ዙር አለው። ሽቦው እንዲያልፍልሽ በየዙሩ በወስፌ ቀዳዳ ከፍቼበታለሁ። ከጠበበሽ ደውይልኝ፣ ሌላ እሰፋለሁ።

እናትሽ