«ጂኑ አለበት» ብላችሁ አትደምድሙብን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ባለፈው ሳምንት በጤና ገጻችሁ ስለ ሱስና ስለ ማይክሮ አርኤንኤ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጉዳዩን ማንሳታችሁ ጥሩ ነው፣ እውነቴን ነው። ግን «ሱስ ደም ውስጥ ያለ ነገር ነው፣ ጂኑ ያለበት ሰው አያመልጥም» የምትለዋ አንቀጽ አናደደችኝ። እዚህ ጅማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ጋዜጣው መምህራን ማረፊያ ክፍል ገብቶ ነበር። አንድ ባልደረባዬ ያቺን አንቀጽ ጮክ ብሎ አነበባትና፣ ከፈተና በፊት ጫት መቃም ስለጀመረ አንድ ተማሪያችን «በቃ፣ አባቱም ቃሚ ነው፣ ምን ይደረጋል» ብሎ ወሬውን ዘጋው። ልጁ ገና አሥራ አንደኛ ክፍል ነው! የጻፋችሁት ነገር የት ድረስ እንደሚሄድ እንድታዩት ብዬ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ጂን ፕሮቲን እንዲሠራ መጀመሪያ ወደ መልእክተኛ አርኤንኤ ይገለበጣል። መልእክተኛው ትእዛዙን ይዞ ፕሮቲን ወደሚሠራበት ቦታ ይሄዳል። ማይክሮ አርኤንኤ 22 ኑክሊዮታይድ (የአርኤንኤ «ፊደል» በሉት) ገደማ ብቻ ያላት ትንሽ ቁራጭ ናት፤ መልእክተኛው ላይ ትለጠፍና ወይ ሥራውን ታስቆመዋለች ወይ እንዲበጣጠስ ታደርገዋለች። የቀበሌ ጥበቃ ደብዳቤ ይዞ የመጣን ሰው በር ላይ ሲመልሰው አይታችኋል? ደብዳቤው ትክክል ነው፣ ማኅተሙም አለ፣ ግን አልገባም። እንደዚያ ነው።

ሳይንቲስቶቹ ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ሩቭከን ይህን በ1993 እ.ኤ.አ. ሲያሳውቁ ያገኙት በዓይን በቅጡ የማትታይ ትል ላይ ነበር። ብዙ ሰው «የትል ጉዳይ ነው» ብሎ አለፈው። በ2000 እ.ኤ.አ. ግን የሩቭከን ቡድን ሌት 7 የምትባለውን ማይክሮ አርኤንኤ አገኘ፣ እሷ ደግሞ ሰው ላይም አለች፣ ከዚያ ወዲያ ዓለም ሁሉ ወደዚህ ዞረ። ኖቤል የተሰጣቸው ገና በ2017 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው።

የእናንተ ጸሐፊ የሳተው ዋና ነገር ይኸው ነው። ከወላጅ የምንወርሰው ጂን አይቀየርም፣ እሺ። የማይክሮ አርኤንኤ መጠን ግን እንደምንወስደው ነገር ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ስለዚህ የማይክሮ አርኤንኤን ግኝት አምጥቶ «አያመልጥም» ለሚል ድምዳሜ ማስረጃ ማድረግ ነገሩን መገልበጥ ነው። ዘር ድርሻ የለውም አላልኩም። መንትዮች ላይ የተሠሩ ጥናቶች በአልኮል ሱስ ውስጥ ግማሽ ያህል ድርሻ እንዳለው ያሳያሉ። ግማሽ ነው እንግዲህ፣ የሞት ፍርድ አይደለም።

ከሁሉም የሚገርመኝ የጠቀሳችሁት የአይጦቹ ጥናት ነው፣ ምክንያቱም ሙሉውን ብትነግሩን ኖሮ አንባቢው ሌላ ነገር ይረዳ ነበር። በ2010 እ.ኤ.አ. ፍሎሪዳ ስክሪፕስ የምርምር ተቋም ውስጥ የፖል ኬኒ ቡድን አይጦች ራሳቸው ማንሻ እየተጫኑ ኮኬይን እንዲወስዱ አደረገ። አንዱ ቡድን በቀን 1 ሰዓት፣ ሌላው 6 ሰዓት። 6 ሰዓት የተፈቀደላቸው እንደ ሱሰኛ መጠኑን እየጨመሩ ሄዱ። አንጎላቸው ሲታይ ስትራየተም በሚባለው ክፍል ሚር 212 የምትባለው ማይክሮ አርኤንኤ ጨምራ ተገኘች። እናንተም እዚህ ላይ አቁማችሁ «የሱስ ማይክሮ አርኤንኤ ተገኘ» አላችሁ።

ቀጥሎ የመጣውን ተዋችሁት እኮ! ተመራማሪዎቹ ሚር 212ን ሆን ብለው ይበልጥ ሲጨምሩባቸው አይጦቹ ኮኬይኑን ቀነሱ። ሲያግዷት ደግሞ ባሰባቸው። ማለትም እሷ ጥፋተኛ አልነበረችም፤ አንጎሉ ራሱን ሊከላከል እየሞከረ ነበር። በተቃራኒዋ የሚሠራ ሜሲፒ 2 የሚባል ፕሮቲን አለ፣ እሱ ሚር 212ን ይጫናታል፣ እሷም እሱን ትጫነዋለች፣ አይጧ ምን ያህል እንደምትወስድ የሚወሰነው በሁለቱ ግብግብ ውስጥ ነው። በጣም ብዙ የወሰደው አንጎል እንኳ ዝም ብሎ እጅ አልሰጠም ማለት ነው። ይህን ያነበበ ሰው ስለዚያ ተማሪ «ምን ይደረጋል» ይላል?

ደግሞ አንድ ሌላ ነገር። ጥናቱ የኮኬይን ነው። እናንተ ግን ሁለት ቦታ ላይ «ጫት» ብላችሁ ጽፋችሁታል። እንዴት ነው ነገሩ? ጫት የራሱ ባሕርይ አለው። ከሰዓት በፊት ሂርማታ ገበያ ብትመጡ ሻጮቹ ጫቱን በኮባ ጠቅልለው ውሃ ሲረጩበት ታያላችሁ። ለውበት አይደለም። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ነገር ሲደርቅ ካቲን ወደሚባል ደካማ ነገር ስለሚለወጥ ነው፤ ቃሚውም ኬሚስትሪ ሳይማር ይህን ያውቃል፣ ስለዚህ የጠወለገውን አይገዛም። ካቲኖን አምፌታሚን የሚባለው አነቃቂ መድኃኒት ዘመድ ነው፣ ዶፓሚን የሚባለው የአንጎል ኬሚካል እንዲለቀቅ ያደርጋል። ኮኬይን ደግሞ የተለቀቀው ዶፓሚን ተመልሶ እንዳይሰበሰብ ያግዳል። መድረሻቸው ቢቀራረብም መንገዳቸው ይለያያል። የአንዱን ውጤት አንስቶ ለሌላው መስጠት እኔ ተማሪ ፈተና ላይ ቢጽፍልኝ ኤክስ የማደርገው ነገር ነው።

ለእኛ ከተማ የሚቀርበው እንዲያውም የአልኮሉ ጥናት ነበር። ማታ ማታ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ የሚሉት አለ አይደል፤ ከጫት በኋላ ቢራ ወይ አረቄ። መጀመሪያ አንድ ጠርሙስ ይበቃው የነበረው ልጅ ከጊዜ በኋላ አራት ጠጥቶም ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ጓደኞቹም «አንጀቱ ጠንካራ ነው» ይሉታል። አንጀቱ ምንም አላደረገም። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አልኮል የአይጥ ነርቭ ሕዋሳት ውስጥ ሚር 9ን በደቂቃዎች ውስጥ እንደሚጨምር አሳይቷል። ሚር 9 ደግሞ ነርቩ ላይ ላለው፣ ቢኬ ለሚባለው የፖታሲየም በር ከሚሠሩት መልእክተኞች መካከል ለአልኮል ስሜት ያላቸውን ለይታ ታጠፋለች፣ አልኮል የማይነካቸውን ትተዋለች። ነርቩ መጠጡን የሚለምድበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። ሞርፊን ላይም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል፤ እዚያ ሌት 7 ጨምራ የሞርፊን መቀበያው እንዲያንስ ታደርጋለች። እንግዲህ «እኔ መጠጥ አይጥለኝም» ብሎ የሚፎክረው ልጅ የሚፎክረው በምን እንደሆነ ይህን ብትጽፉለት ይገባው ነበር።

ሱስን ስለሚያድን መድኃኒት «በቅርቡ መርፌው ይመጣል» ስላላችሁትም ልበል። ዛሬ ሐኪም የሚያዝልህ የማይክሮ አርኤንኤ የሱስ መድኃኒት የለም። አንዷ ማይክሮ አርኤንኤ በመቶ የሚቆጠሩ መልእክተኞችን ልትነካ ትችላለች። ሚር 9 ለምሳሌ አንጎል ሲያድግ ትልቅ ሥራ አላት፣ እሷን ለመጠጥ ብሎ መነካካት ሌላውን ሁሉ መነካካት ነው። መድኃኒቱን ከደም ወደ አንጎል ማስገባት ራሱ ሌላ ራስ ምታት ነው። መርፌ እየጠበቀ ልጇን ቤት የምታስቀምጥ እናት እንዳትኖር እፈራለሁ፤ እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፣ ዛሬ መሄድ ይቻላል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። በሚቀጥለው የጤና ገጽ ላይ ያቺን «አያመልጥም» የምትል አንቀጽ አርሙ፣ «ጫት» ያላችሁትንም «ኮኬይን» በሉት። የአይጦቹንም ጥናት እስከ መጨረሻው ጻፉት፣ ቦታ ከጠበበ ስለ ኖቤሉ ያለውን ቁረጡ። እርማቱን ደግሞ እዚያው ገጽ ላይ አውጡት እባካችሁ፤ ከጨረታ ማስታወቂያው ሥር በደቃቅ ፊደል ካደረጋችሁት ማንም አያየውም።

አንባቢያችሁ፣ ከጅማ