ምስጋና፦ ልጄን ተቀብላችሁ ላስተማራችሁልኝ የደሴ ሰዎች

ስድስት ዓመት የሞላው ልጄ ባለፈው ዓርብ ከትምህርት ቤት ሲመለስ፣ ቦርሳውን እንኳ ሳያወርድ ከኪሱ የጣት ጫፍ የምታህል ጠመኔ አወጣና በጓዳው በር ላይ «በ»ን ጻፈ። አንዱ እግሯ ከሌላው ረዝሟል፤ ግን «በ» ናት። በሩን እስካሁን አልወለወልሁትም። ይህን መልእክት የምጽፈውም እዚያው በር ሥር ተቀምጬ ነው።

ልጄ ዳውን ሲንድረም አለበት። ሌሎቻችን ሁለት ሁለት ይዘን የምንወለደውን 21ኛውን ክሮሞዞም እሱ ሦስት ይዞ ተወልዷል። ይህን በግልጽ የማነሣው ዛሬም «ምን በድለሽ ነው?» የሚሉኝ ስላሉ ነው። የበደልሁት የለም፤ እርግማንም አይደለም።

አምና በመስከረም ወር የሦስት ትምህርት ቤቶችን በር አንኳኳሁ። አንደኛው ቤት ወረቀቱን ሳያዩ የልጁን ፊት አይተው «ቦታ ሞልቷል» አሉኝ። ከግቢው ሳልወጣ ከኋላዬ የመጣችው እናት ልጇን አስመዘገበች። ያን ቀን ልጄን አዝዬ የጦሳ ተራራን ነፋስ እየተቀበልሁ እንዴት ቤቴ እንደደረስሁ አላውቅም።

የቡና ጎረቤቶቼ፣ ያን ማታ ሳትጠሩ መጥታችሁ ዱዓ ያደረጋችሁልኝም፣ በስለት የለመናችሁልኝም፣ «አብሽሪ» ያላችሁኝ ቃል ብቻ ሆኖ አልቀረም። ሕግ የሚያጠናው የእትዬ ልጅ ሀገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. እንዳጸደቀች አስረድቶኝ፣ ማመልከቻዬን በእጁ ጽፎ እስከ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ድረስ አብሮኝ ሄደ። ልመና መስሎኝ የነበረው የልጄ መብት መሆኑን ከእሱ ሰማሁ።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ሁላችንም «እልኸኛ ነው፣ ሲጠሩት አይዞርም» ስንል አንቺ ብቻ «ጆሮው ይታይ» አልሽ። ከጆሮው ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ኖሯል። እንዲህ ባሉ ልጆች ላይ የተለመደ መሆኑን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ልጄ እልኸኛ ሳይሆን የማይሰማ ነበር፤ እኔ ደግሞ ስቆጣው ከርሜያለሁ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የልዩ ፍላጎት መምህርታችን ሆይ፣ ለእርስዎ ምን ልበል? እርሳስ እንዲይዝ ለወራት ታግዬ ነበር። ጡንቻው ልል ስለሆነ በመዳፉ ይጨብጠውና ወዲያው ይጥለዋል። እርስዎ ጠመኔውን ሰባብረው ትንሿን ሰጡት። «ይህችን በመዳፉ ሊጨብጣት አይችልም፤ የግዱን በጣቶቹ ይይዛታል» አሉኝ። ያዛት! እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ መቶ ጊዜ የምደጋግምለትን ቃል እርስዎ በሥዕል አሳዩት፤ ከሥዕሉ በታች «ውሃ»፣ «ዳቦ»፣ «ባጃጅ» ብለው ጻፉበት። ከሚሰማው ይልቅ የሚያየው እንደሚገባው ያወቅሁት ያኔ ነው። አሁን ሲጠማው አያለቅስም፤ «ውሃ» የሚለውን ካርድ ያመጣልኛል።

የባጃጁ ወንድማችን፣ ዳገቱ ስለሚያደክመው ጠዋት ጠዋት እየጠበቅህ ስላደረስህልን አመሰግናለሁ። የክፍል ጓደኞቹ፣ በእረፍት ሰዓት ኳስ ስትጫወቱ እሱ ደርሶ እስኪመታ ድረስ የምትቆሙት ልጆች፣ እናቶቻችሁ ይባረኩ።

ለመጪው መስከረም መምህርቷና እኔ ዕቅዱን ከወዲሁ ጀምረናል፤ ከእኩዮቹ ጋር በመደበኛው ክፍል ይቀመጣል፣ በቀን የተወሰነ ሰዓት ደግሞ ወደ እርሷ ይሄዳል። እንደ ልጄ ያለ ልጅ በቤታችሁ ያላችሁ የደሴም፣ የኮምቦልቻም፣ የሐይቅም እናቶችና አባቶች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና አፈላለሁ። ልጃችሁን ይዛችሁ ኑ። ምዝገባው ሲከፈት አብሬያችሁ እሄዳለሁ።